ለቤት ስቱዲዮ ሃርድ ዲስክ ስትገዙ፦ መጀመሪያ ካልኩሌተር፣ ከዚያ ገበያ

ስቱዲዮዬ አንድ ክፍል ናት። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚወጣው ዳገት አጠገብ። ግድግዳዋ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ በሯ ላይ ፍራሽ ተደግፏል። አንድ ቅዳሜ ማሲንቆ ተጫዋች መጥቶልኝ እየቀረጽን ነበር። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሰውየው ሙዱ መጣለት። ልክ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ዲስኩ የለም አለኝ። ጆሮዬን አስጠግቼ ኤክስተርናሉን ሳዳምጠው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«በቃ፣ ሞቷል» አልኩ። ሰኞ ጠዋት ሮጬ አዲስ ገዛሁ። ያውም ውዱን። በሚቀጥለው ቀረጻ ያው ችግር ተደገመ።

ጥፋቱ የዲስኩ አልነበረም፣ የኔ ነበር። ሳውንድ ካርዱንም ዲስኩንም በአንዲት ርካሽ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሰክቻቸዋለሁ። ዩኤስቢ 2 ወደብ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። የራሷ ቻርጀር የሌላት ማከፋፈያ ይህንኑ ለሁሉም ታካፍላለች። ሳውንድ ካርዱ ማይኩን ሲመግብ ዲስኩ ይራባል። ሲራብ ይጠፋል። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ለመነሳት ሲሞክር አቅም የሚያንሰው ዲስክ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ዲስኬ ዛሬም ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ሰው «የትኛው ሃርድ ዲስክ ይፈጥናል?» ሲለኝ ጥያቄውን እመልስበታለሁ። ድምፅ መቅረጽ ለዲስክ ቀላል ሥራ ነው። ከባዱ የቀረጻችሁትን አለማጣት ነው። መብራት ይጠፋል፣ ፌክ ዕቃ ገበያ ላይ ሞልቷል፣ ኬብል ይላላል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከፍጥነት ይልቅ እዚያ ላይ አውሉት። እኔ አሁን የምሄድበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ሒሳቡን ሥሩ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተሩን ክፈቱ።

ብዙዎቻችን የምንቀርጸው በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ነው። ኮምፒውተሩ ማይኩ የሰማውን በሴኮንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱን ልክ በ3 ባይት ይጽፋል። ሲባዛ 144,000 ባይት። ይህ የአንድ ማይክ፣ የአንድ ሴኮንድ ነው። በደቂቃ 8.64 ሜጋ፣ በሰዓት 518 ሜጋ ገደማ ይሆናል።

ወደ ሥራችን እናምጣው። የ4 ደቂቃ ዘፈን ወይም መዝሙር አስቡ። ክራር፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ ዋሽንት፣ መሪ ድምፅ፣ ተቀባዮች እያለ 30 ትራክ ደረሰ እንበል። እያንዳንዱን በአማካይ 3 ጊዜ ቀርጻችሁ ምንም ሳታጠፉ አስቀመጣችሁ። 8.64ን በ4፣ በ30 እና በ3 አባዙት። 3.1 ጊጋ ይመጣል። 12 ሥራ ያለው አልበም 37 ጊጋ ገደማ ማለት ነው።

በ96 ኪሎኸርዝ የምትቀርጹ ከሆነ እጥፍ አድርጉት። በ32 ቢት ፍሎት ከሆነ ሲሶ ጨምሩበት። የቀጥታ ባንድ በ8 ማይክ ለ3 ሰዓት ብትቀርጹ ደግሞ 12.4 ጊጋ ገደማ ነው።

እንግዲህ አንድ ቴራ ላይ አምስተኛውን ባዶ ብትተዉ እንኳ እንዲህ ያለ አልበም ከ20 በላይ ይይዛል። በዓመት ሁለት አልበም የሚሠራ ሰው ለፕሮጀክቱ ብቻ 4 ቴራ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ቪዲዮ ከቀረጻችሁ ግን ይህን አንቀጽ እርሱት። ቪዲዮ ሌላ ሆድ ነው።

ፍጥነቱንም በዚያው እንየው። 30ውም ትራክ አንድ ላይ ሲጫወት ከዲስኩ የሚጠየቀው በሴኮንድ 4.3 ሜጋ ነው። በ8 ማይክ ስትቀርጹ የሚጻፈው ከ1.2 ሜጋ አይበልጥም። አሮጌ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 80፣ 100 ሜጋ ያነባል። ሻጩ «ይቺ 7,000 ሜጋ ትሄዳለች» ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

2. ታዲያ ኤስኤስዲ ለምን አስፈለገ?

ኤስኤስዲ የሚዞር ሳህን የሌለው፣ በሚሞሪ ቺፕ የሚሠራ ዲስክ ነው። የሚያስፈልገው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ላይብረሪ ነው፣ ኪቦርድ ስትጫወቱ የሚጠሩት ቀድመው የተቀረጹ የመሣሪያ ድምፆች ማለት ነው፤ ሌላው ጫጫታ።

ባለ ሳህኑ ሃርድ ዲስክ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ነው። ሳህኑ ይዞራል፣ መርፌ መሰል ጭንቅላት ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞረው አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። ጭንቅላቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ደርሶም የሚፈልገው ነገር ዞሮ እስኪመጣ በአማካይ 5.6 ሚሊሴኮንድ ይጠብቃል። 7,200 ለሚዞረው 4.2 ነው። ጭንቅላቱ ለመንቀሳቀስ የሚወስደው ጊዜ ሲታከልበት ከ10 ሚሊሴኮንድ ይዘላል። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው ያንኑ ከአንድ ሚሊሴኮንድ ባነሰ ይጨርሰዋል።

ረጅም ትራክ ለማንበብ ይህ ለውጥ አያመጣም። ፕሮግራሙ ቀድሞ በትልቅ በትልቁ ይጎርሳል። ኮንታክትን በመሰለ ፕሮግራም ውስጥ ፒያኖ ከፍታችሁ ፔዳል ረግጣችሁ ስትጫወቱ ግን ነገሩ ይለያል። በአንድ ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠሩ ድምፆች ከተለያየ ቦታ ይጠራሉ። ጭንቅላቱ እንደ ታክሲ ረዳት ወዲህ ወዲያ ይሮጣል። ከዚያ ድምፁ ይቆራረጣል። በኪቦርድና በሳምፕል የምትሠሩ ከሆነ ላይብረሪው ኤስኤስዲ ላይ ይሁን። ድርድር የለውም።

ጫጫታው ደግሞ የኛ የአንድ ክፍል ሰዎች ችግር ነው። ኮንደንሰር ማይክና ዲስክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የሃርድ ዲስኩ እምምም የሚል ድምፅ፣ በተለይ በገና ወይም የሹክሹክታ ያህል የሚዘፍን ድምፅ ስትቀርጹ ይሰማል። ከውጭ የሚመጣውን ማስቆም አልችልም። «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» የሚለው ረዳት እስከ ማታ አይደክመውም፤ ሌሊት ልቅረጽ ስል ደግሞ ከጊዮርጊስ በኩል ማሕሌቱ ይጀምራል። ቤት ውስጥ ያለውን ጫጫታ ግን በገንዘብ ማስቀረት ይቻላል።

3. ማን የት እንደሚቀመጥ ወስኑ

በመጽሐፍ ደረጃ የሚመከረው ሦስት ቦታ ነው። ሲስተሙና ፕሮግራሙ አንድ ዲስክ፣ ፕሮጀክቱ ሌላ፣ ላይብረሪው ሌላ። ጥሩ ነው፤ ግን ብዙዎቻችን ያለን አንድ ላፕቶፕ ነው። እኔ እንዲህ አድርጌዋለሁ።

የላፕቶፑ ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ ሲስተሙንና አሁን የምሠራበትን ፕሮጀክት ይይዛል። ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ላይብረሪውን ይይዛል። ባለ ሳህኑ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ያለቀ ሥራ ማከማቻ ነው። ቀረጻ ላይ አይሰካም።

ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነና ውስጡ ያለው ባለ ሳህን ከሆነ፣ ሌላ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት እሱን በሳታ ኤስኤስዲ ቀይሩት (ዓይነቶቹን ቀጥሎ እንለያለን)። በዚህ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ለውጥ አታገኙም። ሲዲ ማስገቢያ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ሲዲውን አውጥቶ ሁለተኛ ዲስክ የሚገባበት መያዣ ይሸጣል። አሮጌው ዲስክ እዚያ ይግባ፤ ጤነኛ ከሆነ ማለቴ ነው።

4. ዓይነቱን ለዩ

ሱቅ ገብታችሁ «ኤስኤስዲ አለ?» ብቻ ካላችሁ የማይገባላችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሦስት ዓይነት አለ። ጠፍጣፋ ሳጥን የሚመስለው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ነው። እንደ ማስቲካ ቀጭኑ ኤም.2 ይባላል፤ እሱ ራሱ ሁለት ነው፣ ሳታና ኤንቪኤምኢ። መልካቸው ይመሳሰላል። ብዙውን ጊዜ ጫፉ ላይ ሁለት ሽንቁር ያለው ሳታ፣ አንድ ሽንቁር ያለው ኤንቪኤምኢ ነው። የላፕቶፓችሁን ሞዴል ከኋላው አንብባችሁ የትኛውን እንደሚቀበል ኢንተርኔት ላይ አረጋግጡ። ወይም ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ።

ሳታው በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋ ይሄዳል። ኤንቪኤምኢው እንደ ትውልዱ 3,500፣ 7,000 ወይም ከዚያ በላይ። ለድምፅ ሥራ ሳታው ይበቃል፣ ይተርፋልም። ዋጋቸው ከተቀራረበና ላፕቶፓችሁ ከተቀበለ ኤንቪኤምኢውን ውሰዱ። ለሱ ብላችሁ ግን አትበደሩ።

ውስጡ ያለው ሚሞሪ ቲኤልሲ ወይም ኪውኤልሲ ይሆናል። ኪውኤልሲው ርካሽ ነው። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲጻፍበት ይደክማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ላይብረሪ አንድ ጊዜ ተጽፎ ሺህ ጊዜ የሚነበብ ስለሆነ ለሱ ኪውኤልሲ ምንም አይልም። ለቀረጻ ቲኤልሲውን ምረጡ።

«ኤስኤስዲ በመጻፍ ብዛት ያልቃል» የሚባለውስ? እውነት ነው፤ ግን ሒሳቡን እዩ። የሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ አንድ ቴራው ዋስትናው አምስት ዓመት ወይም 600 ቴራ እስኪጻፍበት ነው፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው። በየቀኑ፣ እሑድንም ጨምሮ፣ 20 ጊጋ ብትጽፉበት በዓመት 7.3 ቴራ ነው። 600ን ለዚህ ስታካፍሉት ከ80 ዓመት ይበልጣል። ሌላ ነገር ቀድሞ ይበላሽበታል።

ባለ ሳህኑን ስትገዙ የምትጠይቁት ሌላ ነው። ሲኤምአር ነው ወይስ ኤስኤምአር? ሲኤምአር ላይ መስመሮቹ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ኤስኤምአር የሚባለው ላይ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ነው የሚጻፉት። ከሥር ያለውን ቆርቆሮ ለመቀየር ከላይ ያለውን ማንሳት አለባችሁ። ስለዚህ ዲስኩ ሲሞላና የተጻፈው ሲቀያየር በጣም ይንቀረፈፋል። አሁን ገበያ ላይ ካሉት ባለ 2.5 ኢንች ኤክስተርናሎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ለማከማቻ ችግር የለውም፤ እየቀረጹ ለመጻፍ አይሆንም። ሻጩ ላያውቅ ይችላል። የሞዴል ቁጥሩን ጽፋችሁ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት።

በነገራችን ላይ ሃርድ ዲስክ ከፍታ ይፈራል። ጭንቅላቱ ሳህኑን አይነካም፤ በአየር ትራስ ላይ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይሳሳል። አምራቾች ለተለመደው ዲስክ የሚያስቀምጡት ጣሪያ ወደ 3,050 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ስለዚህ ደህና ነን። እንጦጦ ጫፍ ላይ ስቱዲዮ የከፈተ ሰው ካለ ግን ኤስኤስዲ ይግዛ።

5. ገበያ ላይ

ፒያሳም፣ መርካቶም፣ ሜክሲኮም ብትገዙ ላፕቶፕና ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። ስታፍሩ ገንዘባችሁ ይሄዳል።

መጀመሪያ ለማመን የሚከብድ ነገር አትመኑ። በመዳፍ የምትያዝ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ «16 ቴራ» ተብሎ ተጽፎባት በርካሽ ከተሸጠች ፌክ ናት። ውስጧ ትንሽዬ ሚሞሪ ካርድ ተለጥፎ፣ ለኮምፒውተሩ 16 ቴራ ነኝ ብላ እንድትዋሽ ተደርጋ ነው። የምትጽፉባትን ትቀበላለች። አቅሟ ሲያልቅ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ትደርበዋለች፣ ወይም ዝም ብላ ትጥለዋለች። የፋይሉ ስም ይታያል። ስትከፍቱት ባዶ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ሁለት ቴራ የተባለች ገዝቼ የአንድ መዘምራን ቡድን የሙሉ ቀን ቀረጻ በልታብኛለች። ሱቁን ፈልጌ ስሄድ ሻጩ «ከኔ ነው የገዛኸው?» አለኝ። ደረሰኝ አልነበረኝም።

ስለዚህ ደረሰኝ ተቀበሉ። የዲስኩ ሴሪያል ቁጥር ይጻፍበት። «ሞክሬ ካልሆነ በሦስት ቀን እመልሳለሁ» የሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ መልሱን ነግሯችኋል።

አንድ ነገር ግን ሻጩን አትጠርጥሩበት። አንድ ቴራ የተባለው ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ብሎ ይመጣል። ማንም አልሸረፈውም። አምራቹ በሺህ እየቆጠረ፣ ዊንዶውስ በ1,024 እየቆጠረ ነው። ማክ ላይ ሙሉ አንድ ቴራ ሆኖ ይታያል።

ሱቁ ውስጥ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። ዲስኩ ስለ ራሱ የያዘውን መዝገብ ያሳያል። ሦስት መስመር ተመልከቱ። የሠራበት ሰዓት (Power On Hours)፣ ተበላሽተው የተቀየሩ ሴክተሮች፣ ማለትም የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች (Reallocated Sectors)፣ ፍርድ የሚጠባበቁ ሴክተሮች (Current Pending Sector)። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮ መሆን አለባቸው። ዜሮ ካልሆኑ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። አዲስ የተባለ ዲስክ የሠራበት ሰዓት ከጥቂት ሰዓት አይበልጥም። አንድ ዓመት ያለ እረፍት 8,760 ሰዓት ነው። 25,000 የሚል ካያችሁ ሦስት ዓመት ገደማ ሳይጠፋ የሠራ ነው። ምናልባት ከደህንነት ካሜራ መቅረጫ የወጣ። ተወልውሎ፣ ፕላስቲክ ለብሶ «አዲስ» ተብሎ ይሸጣል። የዌስተርን ዲጂታል ወይንጠጅ ስቲከር ያለበት ለካሜራ የተሠራ ስለሆነ ዩዝድ ከሆነ በደንብ መርምሩት።

ዩዝድ ኤስኤስዲ እገዛለሁ፣ መዝገቡ ጥሩ ከሆነ። ዩዝድ ባለ ሳህን ሃርድ ዲስክ አልገዛም። ወድቆ እንደሆነ መዝገቡ ላይ ላይታይ ይችላል።

ቤት ስትገቡ ወዲያው ሥራ አትጫኑበት። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ማክ ላይ ኤፍ3 የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ዲስኩን ጢም አድርገው ይሞሉታል፤ ከዚያ የጻፉትን መልሰው ያነባሉ። የውሸት አቅም ያኔ ይጋለጣል። ጊዜ ይፈጃል። በሴኮንድ 100 ሜጋ የሚሄድ አንድ ቴራ ለመጻፍ ወደ 3 ሰዓት፣ ለማንበብ ሌላ 3 ሰዓት። ማታ ለቃችሁት ተኙ። ሦስት ቀን የተስማማችሁት ለዚህ ነው።

6. አሰካኩ

ሳውንድ ካርዱ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ። ዲስኩም ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ። ማከፋፈያ ላይ ማውስና ኪቦርድ ይሰኩ። ወደብ ካነሳችሁ የራሷ ቻርጀር ያላትን ማከፋፈያ ግዙ።

ውስጡ ሰማያዊ የሆነ የዩኤስቢ ወደብ አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። ኬብሉም ዩኤስቢ 3 መሆን አለበት። ታይፕ ሲ ስለሆነ ብቻ ፈጣን ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ የስልክ ቻርጀር ኬብል በታይፕ ሲ መልክ የዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው ያለው። ለመቅረጽ እሱም ይበቃል፤ በሴኮንድ ከ30 ሜጋ በላይ ይወስዳል። ላይብረሪ ስትጭኑና ባክአፕ ስታደርጉ ግን ፀጉራችሁን ትነጫላችሁ። ከዲስኩ ጋር የመጣውን ኬብል ለሰው አታውሱ።

7. ፎርማትና ሴቲንግ

ዊንዶውስ ብቻ የምትጠቀሙ ኤንቲኤፍኤስ፣ ማክ ብቻ የምትጠቀሙ ኤፒኤፍኤስ አድርጉት። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ዲስክ ኤክስፋት ይሁን። ፋት32 አይሆንም፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም።

ብዙ ሰው «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ሁሉንም ዲስክ ኤክስፋት ያደርጋል። እኔ አልመክርም። ኤንቲኤፍኤስና ኤፒኤፍኤስ ድንገት ሲቋረጡ ራሳቸውን ለመጠገን የሚረዳ መላ አላቸው። ኤክስፋት ይህ የለውም። እየጻፈ መብራት ከሄደበት ወይም ኬብሉ ከተነቀለ የፋይሎቹ ማውጫ ሊበላሽ ይችላል። በኛ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤክስፋቱ ለመላላኪያ ብቻ ይሁን፤ ከመንቀላችሁ በፊትም በሥርዓቱ አስወጡት።

ዊንዶውስ የኃይል ሴቲንግ ውስጥ ሃርድ ዲስኩ ሥራ ሲፈታ እንዲተኛ የሚያደርገውን አጥፉ። ዩኤስቢ የሚያስተኛውንም አጥፉ። ማክ ላይም ተመሳሳይ አለ። ዘፋኙ ግጥም ሲያስተካክል 15 ደቂቃ ዝም ትላላችሁ፤ ዲስኩ ይተኛል፤ «እሺ ጀምር» ስትሉ እስኪነቃ ፕሮግራሙ ይንተባተባል። አንቲቫይረሱም የፕሮጀክት ፎልደሩን በየሰዓቱ እንዳይፈትሽ ንገሩት። ኤስኤስዲውን እስከ ጥግ አትሙሉት፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ተዉለት።

8. መብራት

እዚህ ላይ የኛ ምርጫ ከውጭ አገር መመሪያዎች ይለያል። ባለ 3.5 ኢንች ትልቁ ኤክስተርናል በጊጋ ሲሰላ ርካሽ ነው፣ ብዙ ቦታም ነው። ግን የራሱን አዳፕተር ግድግዳ ላይ ይሰካል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ዲስኩ ግን በቅጽበት ይሞታል፣ እየጻፈም ቢሆን። ባለ 2.5 ኢንቹና ኤስኤስዲው ኃይል የሚያገኙት ከላፕቶፑ ነው። መብራት ሲጠፋ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣችሁ ቀረጻውን ትጨርሳላችሁ። በሻማ ብርሃን የጨረስነው አንድ የክራር ትራክ አለ፤ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ግዴታ ነው። ግማሽ ሰዓት እንዲያሠራችሁ አትጠብቁ። ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓቱ የምታጠፉበት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ትልቁን ኤክስተርናልም እዚያው ዩፒኤሱ ላይ ሰኩት። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ያለው መወዛወዝም መጥፎ ነው። ላፕቶፕ ቢሆንም ዲቫይደሩን አጥፍታችሁ ትንሽ ታገሡ። ፕሮግራማችሁ በየሁለት ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አድርጉ።

9. ሁለተኛው ዲስክ

አንድ ውድ ዲስክ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ዲስክ መግዛት። በዚህ ጉዳይ ችክ እላለሁ።

የታወቀው ደንብ 3፣ 2፣ 1 ነው። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ሌላ ቦታ ማለት ሌላ መሳቢያ ማለት አይደለም። የኔ ሦስተኛ ቅጂ ሜክሲኮ፣ እህቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በወር አንድ ጊዜ ምሳ ልበላ ስሄድ እቀያይረዋለሁ። ሌባ፣ እሳት፣ ውኃ አንድ ቤት ነው የሚገባው።

ኢንተርኔት ላይ መጫንስ? ያንን የ37 ጊጋ አልበም በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም ካልተቋረጠ። እኔ ያለቀውን ሚክስና የፕሮጀክቱን ፋይል ብቻ እጭናለሁ። ጥሬው ቀረጻ በእህቴ ይጠበቃል።

ለረጅም ጊዜ ማከማቻ ባለ ሳህኑ ይሻላል። ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ የያዘውን ቀስ በቀስ ሊለቅ ይችላል፤ በተለይ ያረጀ ከሆነ። ባለ ሳህኑንም ቢሆን በየጥቂት ወሩ ሰክታችሁ ሁለት ሦስት ፕሮጀክት ከፍታችሁ ስሙ። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ መሆኑ አይታወቅም።

ደንበኛችሁም የራሱን ዲስክ ይዞ ይምጣ። ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም ገልብጡለትና ይፈርም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደውሎ «ያ መዝሙር አለ?» ሲላችሁ ልባችሁ አይደነግጥም።

የመጨረሻው ነገር የፎልደር ስም ነው። እኔ ግማሹን በኛ ዘመን፣ ግማሹን በፈረንጅ እየጻፍኩ ኖሬ አንድ ጊዜ ለመለየት ሙሉ እሑድ ፈጅቶብኛል። ጥር 2017 የቀረጽኩት፣ በፈረንጅ ቀን ከጻፍኩት ከ2019ኙ በፊት ሰልፍ ይዞ ቁጭ ብሏል። አንዱን ምረጡና በሱ ብቻ ጻፉ። ዓመት ይቅደም፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ የሰውየው ስም፤ ወርና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ። ያንኑ ዘመን ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፋችሁ ዲስኩ ጀርባ ላይ ለጥፉት።